ልጄ ስካርፍ ሠርተህ ና ተብሏል፤ ለልብስ ሰፊ ልስጠው?

«ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ልጄ 6ኛ ክፍል ነው። የእጅ ሥራ መምህሩ ‹ፍሊስ ከሚባለው የብርድ ጨርቅ ስካርፍ ሠርታችሁ ሰኞ ሳምንት አምጡ› ብለዋቸው መጣ። ቤታችን የስፌት መኪና የለም። እኔም ቁልፍ ከመትከል ያለፈ ስፌት አላውቅም። ጎረቤቶቼ ለልብስ ሰፊ ከፍለው ሊያሠሩ ነው። አንዷማ ከሱቅ የተሠራ ገዝታ አስቀምጣለች። አባቱ ደግሞ ‹ወንድ ልጅ መርፌ ይዞ ሊቀመጥ ነው? ወስደሽ አሰፊለት› ይለኛል። ልጁ ግን ራሴ ካልሠራሁት ብሎ አኩርፏል። ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚበቃ እንኳ አላውቅም። ታናሽ እህቱም ለእኔም ካልሆነ ብላ ይዛኛለች። ምን ይሻለኛል?

የልጆች እናት፣ ከደብረ ማርቆስ»

እህቴ፣ እንደምን አለሽ። የአባቱን ነገር በኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ጭንቀትሽን ላቅልልሽ። ይሄ ሥራ የስፌት መኪና አይፈልግም። መርፌም ላያስፈልገው ይችላል። ጥሩ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ጠመኔና ጠፍጣፋ ወለል ካለሽ በቃ። ለዚህ ብሎ ሰፊ ጋ መሄድ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ምክንያቱ ያለው ጨርቁ ላይ ነው። አቡጀዲ ወይም ነጠላ ብትቆርጪ ድሩና ማጉ እየተለያየ ይተረተራል። ለዚህ ነው ጠርዙ የሚታጠፈው፣ የሚሰፋው ወይም የሚቋጨው። ፍሊስ ግን በድርና በማግ አልተሸመነም። ክሩ እንደ ሹራብ ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ ነው የተሠራው። ከዚያ ፊቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ፀጉሩ እንዲነሳ ተደርጓል። ስለዚህ የትም ብትቆርጪው ጠርዙ እንዳለ ይቆያል። መምህሩ ይሄን ጨርቅ የመረጡት አውቀው ይመስለኛል። ለዚህ ዕድሜ ልጅ ከዚህ የሚቀል የሚለበስ ነገር አይገኝም።

ልጅሽ ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያወራው ካስፈለገው ደግሞ ይሄን ንገሪው። ፍሊስ ፀጉራም ስለሆነ ከበግ የመጣ ይመስላል፤ አይደለም። ፖሊስተር ነው። ሃይላንድ የምንለው የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክና የፍሊስ ክር አንድ ዓይነት ነገር ናቸው። ዛሬ የምናውቀውን ፍሊስ በ1970ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ አቆጣጠር ማልደን ሚልስ የተባለ የአሜሪካ የጨርቅ ፋብሪካ አወጣው። በ1993 ደግሞ ፓታጎኒያ የተባለው የልብስ ድርጅት ከተጣሉ የላስቲክ ጠርሙሶች የተሠራ ፍሊስ ይዞ ብቅ አለ። «አንገቴ ላይ ያለው የሃይላንድ ዘመድ ነው» ቢል ክፍሉ ይስቃል። እውነቱንም ነው።

ወደ ግዢው ልግባ። በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠው ፍሊስ አብዛኛውን ጊዜ ወርዱ 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይሄ ወርድ የስካርፉ ርዝመት ይሆናል። ስፋቱን 24 ሴንቲ ሜትር አድርጊው። ለምን 25 አልሆነም ትይኝ ይሆናል። አራት ጊዜ 24 ሲሆን 96 ይመጣል። ከአንድ ሜትሩ 4 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። እሷ ትርፍ እንዳትመስልሽ። ባለ ሱቁ አጣሞ የቆረጠውን ማቅኛ ናት። ጨርቅ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ነጋዴ እኔ እስካሁን አላየሁም።

እንግዲህ ከአንድ ሜትር አራት ስካርፍ ይወጣል ማለት ነው። ሁለቱ ለልጆችሽ ይሆናሉ። ሁለቱን ደግሞ ለሰፊ ሊከፍሉ ከተሰናዱት ጎረቤቶችሽ ጋር ተካፈይ። ሩብ ሜትር ቁረጥልኝ ብትይው ፊቱን የሚያጠቁር ነጋዴ አንድ ሜትር ስትዪው ይስቃል። ዋጋውን አልጽፍልሽም፤ ጽፌ ሳልጨርስ ይጨምራል።

ስትገዢ ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሺው። ብርሃኑ እንደ ወንፊት የሚያልፍ ከሆነ ስስ ነው፤ ለደብረ ማርቆስ ጠዋት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ፀጉሩን በጥፍርሽ ፈግፈግ አድርጊው። ወዲያው ፀጉሩ እየተነቀለ ከተድበለበለ፣ ከሁለት እጥበት በኋላ ስካርፉ ሁሉ እንክብል በእንክብል ይሆናል። ቀለሙ የልጁ ጉዳይ ነው፤ እሱ ይምረጥ።

በሜትር የሚሸጥ ካጣሽ ሰልባጅ ተራ ሂጂ። አሮጌ የፍሊስ ብርድ ልብስ ካገኘሽ ሠፈሩን ሁሉ ያለብሳል። የፍሊስ ጃኬትም ይሆናል። የአዋቂ ጃኬት ጀርባው ብቻ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ወርዱም ከ50 አያንስም። ከእሱ ባለ 24 ሁለት ቁራጭ ታወጫለሽ። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ በ2 ሴንቲ ሜትር አደራርበሽ በእጅ ስትሰፊያቸው 128 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ለ6ኛ ክፍል ልጅ በቂው ነው። ስፌቱ ማጅራት ላይ ስለሚውል ማንም አያየውም። ግን መጀመሪያ በደንብ ይታጠብ።

ርዝመቱን ካነሳሁ አይቀር፣ ልጆችሽ ሙሉውን 150 አያስፈልጋቸውም። ለእሱ 130፣ ለታናሿ 110 ይበቃል። ይሄን የምለው ለቁጠባ አይደለም። ረጅም ስካርፍ ሲሮጡ ይረገጣል፣ ብስክሌት ላይ ጎማ ውስጥ ይገባል፣ ባጃጅ በር ላይ ይያዛል። በአንገት ዙሪያ የሚታሰር ነገር ደግሞ ቀልድ አያውቅም። አንዴ ዞሮ ጫፎቹ ደረት ላይ ካረፉ በቂ ነው። ጫፎቹን ከሹራቡ ሥር ቢያስገባ ደግሞ የተሻለ። ፍሊስ ሙቀት ይይዛል እንጂ ነፋስ ያሳልፋል። ከጮቄ በኩል የሚመጣውን ነፋስ የሚመክተው ከላይ የሚደረበው ነው።

አሁን መቁረጡ። ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የተማሪ መቀስ አይሆንም፤ ፍሊሱን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። የልብስ ሰፊ መቀስ ያስፈልጋል። እሱን ከየት እንደምታገኙ በኋላ እነግርሻለሁ።

ጨርቁን ወለል ላይ ወይም ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። አትጎትቱት። ፍሊስ ወደ ወርዱ ይለጠጣል፤ ተጎትቶ የተለካ ስካርፍ ሲለቀቅ ያጥራል። ግራና ቀኝ ያለው የፋብሪካው ጠርዝ ወፈር ብሎ ደረቅ ይላል፤ አንዳንዴም በመርፌ የተበሳሳ ነው። ከሁለቱም በኩል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆረጥና ይጣል። ፊቱና ጀርባው ካልተለየሽ በመቀስ የተቆረጠውን ጠርዝ ሳብ አድርጊው፤ ወደ ጀርባው ይጠቀለላል። መስመሩን ጀርባው ላይ አስምሩ። ነጭ ጠመኔ ለጠቆረ ቀለም ጥሩ ነው። ሰፊዎች የሚጠቀሙበት የደረቀ የሳሙና ቁራጭ ግን ይበልጣል፤ ቀጭን መስመር ይሰጣል፣ ሲታጠብም ይለቃል። እስክሪብቶ አይነካው።

ልጁ ሦስት አራት ቦታ ላይ 24 እየለካ ነጥብ ያድርግ። አንድ ቦታ ለክቶ መስመሩን በግምት ቢወስደው ስካርፉ በአንድ በኩል እየጠበበ ይሄዳል። ነጥቦቹን በማስመሪያ ወይም ቀጥ ባለ ጣውላ ያገናኛቸው። ሲቆርጥ ጨርቁ አንድ ነጠላ ብቻ ይሁን፤ ተደርቦ ከተቆረጠ የታችኛው ይንሸራተታል። የመቀሱን የታችኛ ምላስ ወለሉ ላይ አስደግፎ፣ ሰፊ ከፍቶ፣ እስከ ጫፉ ሳይዘጋ እንደገና ወደ ፊት ይግፋ። እስከ ጫፍ የተዘጋ መቀስ ጠርዙን ጥርስ ጥርስ ያደርገዋል። አንቺ የምትይዢው የጨርቁን ጫፍ ነው፤ መቀሱን አይደለም። መቀሱን ልቀበለው እያልሽ እጅሽን እንደሚበላሽ አውቃለሁ። እጅሽን ያዢው።

ትንሽ ቢጠምምስ? ይጥመም። አንገት ላይ ሲጠመጠም የሚለካው የለም።

ቀጥሎ ጫፉ ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፍ ነው። ልጆች የሚወዱት ይሄንን ነው። ከእያንዳንዱ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ገብታችሁ በአግድም ፕላስተር ለጥፉ። መቀሱ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ፕላስተሩ ድንበር ነው። ከዚያ ከአንድ ዳር ጀምሮ በተርታ እንዳይቆርጥ። በተርታ የሚቆርጥ ልጅ መጀመሪያ ላይ ወፍራም ወፍራሙን ይቆርጥና መጨረሻ ላይ ክር የምታህል ትቀረዋለች። ይልቅ መሃሉን ይቁረጥ፤ 12 እና 12 ይሆናል። እያንዳንዱን እንደገና ለሁለት፤ 6 ይሆናል። እንደገና፤ 3 ይሆናል። ስምንት እኩል ዘርፍ ወጣ ማለት ነው። 24ን የመረጥኩበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ማካፈልን ለማይወድ ልጅ ደግሞ ድብቅ የሒሳብ ትምህርት ናት፤ አትንገሪው።

በስምንቱ መቆም ይቻላል። እንደገና ለሁለት ከቆረጣቸው ግን ባለ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አሥራ ስድስት ይሆናሉ፤ እነሱ ለመቋጠር ይመቻሉ። ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ አንዴ መቋጠር ነው። ጠበቅ እንጂ ክር እስኪሆን አይጎትት። ቋጠሮው ከርዝመቱ ግማሽ ያህሉን ስለሚበላው የተረፈው አጭር ቢመስል አትደንግጪ።

አያቱ በአቅራቢያ ካሉ ከዚህም የሚያምር መንገድ አለ። ጋቢ ሲቋጭ እንዳየሽው ነው። ሁለቱን ዘርፍ ለየብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ ያከርራቸውና አንድ ላይ አድርጎ ሲለቃቸው ራሳቸው በተቃራኒው ይጠማዘዛሉ። የጥጥ ክር በዚያው ይረጋል። ፍሊስ ግን ይላላል፤ ስለዚህ ጫፉን አንድ ቋጠሮ ያሲዘው። ማንም ሱቅ እንዲህ ያለ ስካርፍ አይሸጥም። መምህሩም ቢሆኑ አይተው «ይሄን ማን አሳየህ?» ማለታቸው አይቀርም። «አያቴ» ማለት ደግሞ ኩረጃ አይደለም።

ስሙን የሚያመለክት ነገር ቢፈልግ፣ ከቁራጩ በሌላ ቀለም የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ቆርጦ አንዱ ጫፍ ላይ ይስፋው። እዚህ ላይ መርፌ ገባ። ጠርዙ ስለማይተረተር ማጠፍ የለም፤ ዙሪያውን ገባ ወጣ እያደረገ መስፋት ብቻ ነው። ክሩ ከጨርቁ የተለየ ቀለም ቢሆን ያምራል። እንደ ‹ጨ› እና ‹ጬ› ያለ ብዙ እግር ያለው ፊደል የደረሰው ልጅ ካለ ግን ፈጣሪ ይርዳው፤ ክብ ቆርጦ ቢለጥፍ ይሻለዋል።

አሁን ወደ አባቱ ልምጣ። ደብረ ማርቆስ መንገድ ዳር የእግር መኪናቸውን ደርድረው የሚሰፉት ማን ናቸው? አብዛኞቹ ወንዶች። እሱ ማታ ማታ የሚደርበውን ጋቢ የሸመነውስ? ሸማኔው ወንድ ነው። እኛ ጋ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፤ ኖረንበታል። ጎንጅ ወይም ዋሸራ ሄዶ ለቅኔ የሚቀመጥ ተማሪም እናቱ አጠገቡ የለችም፤ የተቀደደ ልብሱን የሚጥፈው ራሱ ነው። እና ‹ወንድ ልጅ መርፌ› የሚለው ወሬ በጎጃም ምድር ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ይሄን ግን እንደ ሙግት እንዳታቀርቢለት። የቅኔ አገር ሰው በክርክር አይሸነፍም፤ ይመሽባችኋል እንጂ። ይልቅ ሥራ ስጪው። ልጁን ይዞ ሰፈራችሁ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ይሂድ። እንዲሰፋለት ሳይሆን መቀሱን እንዲያውሰው። አብዛኛው ሰፊ መቀሱን ከቤቱ አያስወጣም፤ እውነቱን ነው፣ ወረቀት ቆርጠውበት ያደነዝዙታል። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ልጁ እንዲቆርጥ ግን ይፈቅዳል፤ አያያዙንም ያሳየዋል። ለሻይ የምትሆን ነገር መስጠት ደንብ ነው። አባቱ ቆሞ ልጁ ሲቆርጥ ካየ በኋላ ያ ወሬ በራሱ ይጠፋል ብዬ እገምታለሁ። ባይጠፋም መቀስ አግኝታችኋል።

ገዝታ ስላስቀመጠችው ጎረቤትሽ የምለው ትንሽ ነው። መምህር የሱቅ ዕቃና የልጅ እጅ ለመለየት አይቸገርም፤ ጠርዙ በመኪና የተዘመዘመ ስካርፍ ይዞ የመጣ ልጅ «እንዴት ሠራኸው?» ሲባል ምን ይላል? ያንቺ ልጅ ግን ስንት እንደለካ፣ ለምን 24 እንዳደረገው፣ የት ላይ እንደተሳሳተ ይናገራል። ቁጥሮቹን በደብተሩ ላይ እየጻፈ ቢሠራ ደግሞ ይረዳዋል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ፍሊስ ፕላስቲክ ነው ብዬሻለሁ። እሳት ሲነካው እንደ ጥጥ አመድ አይሆንም፤ ይቀልጣል፣ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከምድጃ፣ ከከሰል ማንደጃ፣ ከምጣድ አጠገብ ሲደርሱ ስካርፉ ከአንገት ይውረድ። በተለይ ታናሿ፤ እናቷ እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ቁጢጥ የምትል ልጅ ከሆነች ያ የሚንዠረገግ ዘርፍ ያስፈራኛል። ለእሷ ዘርፉን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ አድርጊው፤ ወይም ተይው። ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሲበራም እንዲሁ። 

ካውያም አይነካው። ፀጉሩ ይቀልጥና የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ይቀራል። እንደ ዕድል ሆኖ ፍሊስ አይጨማደድም። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በቀላል ሳሙና፣ ለብቻው ይታጠብ። ውሃ ስለማይጠጣ ጠዋት ታጥቦ ከሰዓት ይለበሳል። ጋቢ በክረምት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ታውቂዋለሽ።

ከቁራጩ የተረፈውን አትጣሉት። የፋብሪካው ጠርዝ ከተጣለ በኋላ ከርዝመቱ ያነሳችሁት 16 እና 36 ሴንቲ ሜትር ያህል አለ። ሁለቱ ተቀጥለው ለታናሿ የጆሮ መሸፈኛ ይወጣቸዋል፤ የራሷን ዙሪያ ለክተሽ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀንሺና ጫፍ ለጫፍ ስፊው፤ ይለጠጣል። 

ጊዜው እንዳይጠብሽ አትፍሪ፤ የሚወስደው አንድ ከሰዓት ነው። ጨርቁን በዚህ ሳምንት ግዢ። ማስመሩን ቤት ጨርሱት፤ ሰፊው ጋ መቁረጥ ብቻ ይቅር። አባትና ልጁን ግን በገበያ ቀን እንዳትልኪያቸው። በገበያ ቀን ሰፊ መቀሱን ለወንድሙም አያውስም።